መኝታ ቤታችን የገቡት ወፎች

ጦርነቱ ወደ ደባርቅ ሲጠጋ ቤታችንን ዘግተን ጎንደር እህቴ ዘንድ ሄድን። ስንመለስ ክረምቱ ሊወጣ ነበር። የመኝታ ቤታችን የመስኮት መስታወት ተሰብሮ፣ ከአልጋችን በላይ ካለው አግዳሚ ላይ ጭራቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ወፎች በጭቃ ጎጆ ሠርተው ጫጩት ፈልፍለዋል። ድሮ በየክረምቱ የሚሠሩት በረንዳችን ላይ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ግን ድመት ጫጩቶቻቸውን በላችባቸው።

ባለቤቴ ጎጆውን ሊያወርድ መጥረጊያ አነሳ። ቄስ የሆኑት አባቴ በሩ ላይ ቆመው፣ «ተው ልጄ፣ እኛም ሰው ቤት ተጠልለን ነው የመጣነው» አሉት።

መጥረጊያውን መለሰ። አልጋውን ሳሎን አውጥተን ጫጩቶቹ እስኪበሩ እዚያው ተኛን። ከዚያ መስታወቱን አስገጠምን።

በዓመቱ ዝናቡ ሲጀምር ሁለት ወፎች መጥተው መስኮቱ ፊት ይመላለሱ ጀመር። የቀድሞዎቹ ይሁኑ ልጆቻቸው አላውቅም። በረንዳውን ግን ዞር ብለውም አላዩት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ክፈችላቸው እንጂ» አሉኝ አባቴ።

«አልጋውስ አባ?»

«አልጋው መንገዱን ያውቃል።»

ሣቅሁና መስኮቱን ከፈትሁት። ወፎቹ ገና ሳይገቡ ባለቤቴ ፍራሹን መጠቅለል ጀምሯል።