የልጄ ስኳርና የእናቴ ማር

ከሚዛን ከተማ ልወጣ ዋዜማ፣ ማምሻውን፣ ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። ጎረቤቶቻችን እጃቸውን ጭነውብኝ ጸለዩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጸልያል፤ ማን ምን እንዳለ ጌታ ይወቀው። የሁለት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ጀርመን አገር አዛውንት ለመጦር ተቀጥሬ ቪዛው ከመጣ በኋላ ነው ማርገዜን ያወቅሁት። ባለቤቴ ምህረቱ «ቪዛ እንደ ባጃጅ በየደቂቃው አይመጣም፤ ሂጂ፣ እከተልሻለሁ» አለኝ። እስካሁን እየተከተለኝ ነው።

ሰው ሲሳሳ እማዬ አንድ ጣሳ ቅቤና ከሸኮ ያስመጣችውን የጫካ ማር ሻንጣዬ ውስጥ ወሸቀች። «ቅቤው ልጁ እንደተወለደ የሚውጠው ነው። ማሩ ያንቺ ነው፤ ሆድ ሲብስሽ ላሺው» አለችኝ።

ፍራንክፈርት ስደርስ አንድ ፂመ ቀይ የጉምሩክ ሰው ሻንጣዬን አስከፈተኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቅቤ። ልጄ ሲወለድ የሚውጠው።»

ሆዴን አየ። ምንም አይታይም። «መቼ ነው የሚወለደው?»

«ከስድስት ወር ተኩል በኋላ።»

ክልክል ነው ብሎ ቅቤውን በጓንት አንስቶ ጣለው። ማሩን ግን መዝኖ «ይሄ ይፈቀዳል» አለና መለሰልኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩት። ምነው የወረሰኝ ማሩን በሆነ!

የተከራየሁባት ከተማ ጸጥታዋ ጆሮ ያማል። ጣሪያቸው ቆርቆሮ ስላልሆነ ዝናብ መዝነቡን የማውቀው በመስኮት አይቼ ነው። አንድ እሁድ እየዘመርኩ ሳለ አከራዬ በሬን አንኳኳች። «ሬዲዮ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?» «እኔ ነኝ» ስላት «ሬዲዮ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ይቀነሳል» ብላኝ ሄደች።

በስድስተኛው ወር የእርግዝና ስኳር ተገኘብኝ። ስኳር አቁሚ፣ ዳቦ ቀንሺ፣ በቀን አራቴ ጣትሽን ወግተሽ ለኪ ተባልኩ። ስኳር አቆምኩ። ማር ግን አላቆምኩም፤ አቁሚ ያለኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እኛ ጋ ማር ለሳል፣ ለቁስል፣ ለሆድ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ከስኳር ጋር ማን ይደምረዋል? ግን እውነቱን ልናገርና፣ ጠርጥሬያለሁ። ለዚህ ነበር ሁልጊዜ ለክቼ፣ ውጤቱን ደብተሩ ላይ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የምልሰው። ብቸኝነቴ በዚያች ማንኪያ ትንሽ ይለቀኝ ነበር።

ልጄ አራት ኪሎ ተኩል ሆኖ ተወለደ። ፎቶውን ስልክላት እማዬ «ይሄማ ጎረምሳ ነው!» አለች። ብዙም ሳይቆይ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተረከዙን ወግተው ሲለኩት ስኳሩ ወርዷል። አውራ ጣቴን እንኳ የማይዞር የደም ግፊት መለኪያ ክንዱ ላይ ጠቀለሉበት፤ ግፊቱም ዝቅ ብሏል። ግሉኮስ ተሰካለት።

ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ያንቺ ስኳር ወደሱ ያልፋል። እሱም ያንን ለመቋቋም ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል። እትብቱ ሲቆረጥ ካንቺ የሚመጣው ስኳር ይቋረጣል፤ የሱ ኢንሱሊን ግን ወዲያው አይቀንስም።»

ስለ ማሩ ነገርኳት። «ማርም ስኳር ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ለእማዬ ስደውል ስኳሩም ግፊቱም መውረዱን ብቻ ነገርኳት።

«ግፊት?» አለች። «ገና መምጣቱ! ማን አናደደው?»

ሳቅኩ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ።

«ማን አለ አጠገብሽ?»

«የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሞልተዋል፣ እማዬ» ብዬ ዋሸኋት። አጠገቤ ያለው ወንበር እንኳ ባዶ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔን ግፊቱን ከሚያሳየው ማሽን አልነቀልኩም። ቁጥሩ ከፍ ሲል እተነፍሳለሁ፣ ዝቅ ሲል ጌታዬን እለምናለሁ፤ እኔን ቅጣኝ፣ እሱ ምን አጠፋ እያልኩ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግሉኮሱን ነቅለው ሦስት ጊዜ ለኩት። ሦስቴም ደህና። ግፊቱም ደህና። ነርሷ በቋንቋዋ «ጉት»፣ ጥሩ ነው፣ አለችና ጓንቷን አውልቃ ወደ ሌላ ሕፃን ሄደች።

ለእማዬ ደወልኩ። ደስታውን ካበሰርኳት በኋላ የማሩን ነገር ልነግራት ቆርጬ ነበር። እሷ ግን ደህና መሆኑን ስትሰማ እልልታውን አቀለጠችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀበላት።

«ያ ማር ነው ያጠነከረው!» አለች። «የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ ሌላ እልክልሻለሁ። ምነው እናንተ ጋ ዝም አላችሁ? እልል በሉ እንጂ!»

ምን ላድርግ? ብቻዬን እልል አልኩ። ነርሷ ደንግጣ ሮጣ መጣች። ክንዴን ይዛ «ምን ሆንሽ? የት ነው የሚያምሽ?» እያለች በራሷ ቋንቋ ትጠይቀኛለች። እኔ እያለቀስኩ ነው።

እማዬ የነርሷን ድምፅ በስልኩ ሰማች። «እሰይ ልጄ! ሰው መጣልሽ» አለች። «በይ ከእንግዶችሽ ጋር ተጫወቺ፣ አልያዝሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።