የላዳዋ አየር ማስገቢያ

ተከስተ የካዛንቺስ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነበር። ከኦሎምፒያ ወሎ ሰፈር፣ ከወሎ ሰፈር ሰንጋ ተራ ሲመላለስ ሃያ ዓመት አለፈው። ከሥራ ሲመለስ ላዳዋን ሁልጊዜ ከደጁ፣ ከጃካራንዳው ዛፍ ሥር ነው የሚያቆማት። ባለቤቱ ብርነሽ አስም አለባት፤ በሽታው ሲነሳባት ደግፎ ማስገባትና ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ነው። መኪናዋ ከደጁ ከመቆሟ የበለጠ ለእሱ መጽናኛ አልነበረም።

በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. ከጀርባቸው ያለው ሰፈር ፈረሰ። ሰው ዕቃውን እየጫነ ሄደ፤ አይጡን የሚጭነው አልነበረምና እዚያው ቀረ። ውሎ አድሮም ወደ ቆሙት ቤቶች ተሻገረ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ብርነሽ ትንፋሽ አጠራት። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ተከስተ መስኮቶቹን ዘግቶ መኪናዋን አስነሳ።

«አየር... ተከስተ፣ አየር...» አለችው።

ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈተላት። አንድ ደረቅ ነገር ውስጥ ለውስጥ ተንኮሻኮሸና የሻገተ ሽታ ፊታቸው ላይ ቦነነ። እሱ የክረምቱ እርጥበት መስሎት መንዳቱን ቀጠለ። ብርነሽ ግን ባሰባት። ከንፈሯ ሲጠቁር አየና እጁን ወደ ማራገቢያው ሰደደ፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር አልነበረውም። ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ራሷን ስታ ነበር።

ነፍሷ ተረፈ። ኦክስጅን ተደርጎላት ስትተኛ ሸዋአየሁ የምትባል ነርስ ተከስተን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ቤታችሁ ሻጋታ አለ? ድመት ወይ አይጥ?»

«ኧረ ቤታችን ንጹሕ ነው።»

«የባሰባት የት እያለች ነው ታዲያ?»

«መኪና ውስጥ» አለ። ወዲያው ወደ መኪናዋ ሮጠ።

እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በዝናቡ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የአየር ማስገቢያ ክዳን ፈታ። የበሰበሰውን የጃካራንዳ ቅጠል በእፍኙ እየዛቀ አወጣ። ከሥሩ የተቦጫጨቀ የወንበር ስፖንጅ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የሚቆረጥመው ሽምብራና የአይጥ ቆሻሻ ተከምሯል። መሃሉ ላይ ዓይናቸውን ያልገለጡ አምስት የአይጥ ልጆች ይንቀሳቀሳሉ።

ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። «አየር ስትለኝ ይኼን ነፋሁባት!»

ወሎ ሰፈር ያለው መካኒክ ጓደኛው ደጋጋ ሁሉን አውልቆ በበረኪና አጠበለት፤ በአየር ማስገቢያው አፍ ላይም የዶሮ ቤት ሽቦ ገጠመበት። በሳምንቱ ሲከፍቱት አይጡ በሽቦው ቀዳዳ ሾልኮ የጣለውን አዲስ ቆሻሻ አገኙ። ተከስተ መርዝ ልጨምርበት ሲል ደጋጋ ተቆጣ።

«በልቶ እዚያው ውስጥ ይሞትና ብርነሽ ያንን ትሽተት? በቃ፣ መኪናዋን ከሰፈሩ አርቃት።»

አራቃት። ኦሎምፒያ አንድ ዘበኛ ለምኖ ግቢ ውስጥ አሳደራት፤ ከቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ብርነሽን እንደገና አፈናት። ተከስተ ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ሮጠ። አንዱ ጫማ መንገድ ላይ ቀረ፤ ዞሮ አላየውም። ላዳዋን ይዞ ሲመለስ ቤቱ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ደረቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጎረቤቷ ጥሩዬ መጥታ «በሚኒባስ ወስደዋታል፣ ትንፋሽ ነበራት» እስክትለው ድረስ፣ ሞታለች ብሎ ነበር።

ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። «ከአጠገብሽ ባቆማት ትገድልሻለች፤ ባርቃት አልደርስልሽም። ምን ላድርግ?»

ብርነሽ ጭምብሉን ከአፏ ገለል አደረገች። «ሌላ መኪና የለን። አስተካክላት እንጂ።»

ደጋጋ በዚህኛው ጊዜ የእርሳስ ጫፍ የማያስገባ ደቃቅ ወንፊት ሽቦ ፈልጎ፣ ዙሪያውን በብሎን አጥብቆ አሰረው። ላዳዋ ወደ ደጁ ተመለሰች። ተከስተ ሽምብራ መኪና ውስጥ መብላት ተወ። በየማለዳው ኮፈኑን ከፍቶ ቅጠሉን ይለቅማል፤ የውኃ መውረጃዋን ቀዳዳ በሽቦ ይጎረጉራል፤ ሽቦው የተነከሰ እንደሆነ በጣቱ ይዳብሳል። ዓይኑ ያየውን ግን ልቡ አላምን አለው።

መስከረም ላይ ሲነሳባት ብርነሽ የላዳዋ በር ላይ ደርሳ አልገባም አለች። የመኪናዋን ጣሪያ ይዛ ቆመች።

«መጀመሪያ... አንተ ሽተተው።»

ዘልሎ ገባ። መስኮቶቹን ዘጋ፣ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ለቀቀና አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ ደግኖ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። ቀዝቃዛ አየር ብቻ ነበር። በሩን ከፈተላት።

መንገዱን ሙሉ ደረቷን ሲያይ ሁለት ጊዜ ሰው ሊገጭ ነበር። ሲደርሱ ግን በእግሯ ወረደች። ተከስተ ሞተሩን አጥፍቶ ተከትሏት ገባ።