የኪልኮርና ተረኛ

በመንደራችን በኪልኮርና የሞተ ሰው ወዲያው አያርፍም። ይህን የማያውቅ የለም፤ ቄሱም ያውቁታል፣ ስብከት ላይ አያነሱትም እንጂ። አዲስ የተቀበረው ሰው የአሮጌው መካነ መቃብር በር ላይ ተረኛ ይሆናል። በሩን ይጠብቃል፣ ከቅድስት ኮርና ጠበል ውሃ እየቀዳ ለተጠሙት ሙታን ያድላል። ሌላ ሰው ሞቶ እስኪተካው ድረስ ዝናብም ይዝነብ፣ ውርጭም ይውረድ፣ እዚያው ነው። ሲተካ ብቻ ወደ ውስጥ ገብቶ ያርፋል።

በዚህ ነገር ትልቅና ትንሽ የለም። ገዳሙን ያሠሩት ጳጳስ፣ ጎብኚ ሁሉ ጎንበስ እያለ የድንጋይ ምስላቸውን ፎቶ የሚያነሳላቸው፣ እሳቸውም በጊዜያቸው ባልዲ ይዘው ቆመዋል። የተካቻቸው የቆርቆሮ ጠጋኝ ልጅ ናት፤ «በሉ አባቴ፣ ይግቡና ይረፉ» አለቻቸው ይባላል። ዓይነ ስውሩ ቫዮሊን መቺ ኦወን ባን ተረኛ በነበረበት በጋ ደግሞ ከብቱ ድልድዩ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ይል ነበር፤ ምን እንደሚሰማ እንስሳ ያውቃል። ድንች መሬት ውስጥ በበሰበሰበት በዚያ ክፉ ዘመን ሰው በሰው ላይ ይቀበር ስለነበር፣ ተረኛው ባልዲውን ሳይሞላ ይተካ ነበር። የመንደሩን ልጆች ሾርባ ስታጠጣ ቆይታ ራሷ በረሃብ የሞተችው ሳይቭ ሩዋ ብቻ ናት አልተካም ያለችው። ልጆቹ ገና እየመጡ እሷ እንዴት ብላ ትገባለች። እንግዳ ሲመጣ ስለ ገዳሙ ክብ ማማ ይጠይቀናል፣ ስለ ድልድዩ ይጠይቀናል። ስለ በሩ የሚጠይቅ ግን አላየሁም፤ እኛም አንነግረውም።

የኡና ሄጋርቲ ቤት ከዚያ በር ፊት ለፊት ነው። ወጣት ሳለች ቅቤ ፋብሪካው ውስጥ ትሠራ ነበር፤ እጇ ከቅዝቃዜው የተነሳ ሁልጊዜ እንደቀላ ነው። ኋላ የድንጋይ አጥር የሚክበውን ተርሎ ሄጋርቲን አገባች። ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው አጥር ግማሹ የተርሎ እጅ ነው፤ ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ነፋስ በመሃሉ ያፏጫል እንጂ አይጥለውም። አንድ ሴት ልጅ ወለዱ፣ ግሮንያ። ከዚያ ድንጋዩ በተራው ተርሎን ወገቡን ያዘው፣ አንድ መጋቢት ላይ ደግሞ የሳንባ ምች ጨረሰው፤ አፈሩን ያቅልለት። ቀበርነው፣ ተረኛ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ከአውራጃው አንድ ሰውዬ መጣና ቦታው ሞልቷል፣ ለወንዙም ጥሩ አይደለም ብሎ አሮጌውን መካነ መቃብር ዘጋው። ለመንነው፣ አልሰማም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አዲሱ በኮረብታው መንገድ ላይ ተከፈተ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ሣሩ የታጨደ፣ ሙታኑ ወረፋ የያዙ የሚመስሉበት ቦታ ነው። በአሮጌው የሚቀበሩት ቤተሰባቸው መቃብር ውስጥ ቦታ የተረፋቸው ብቻ ናቸው ተባለ። ብናስብ ብናሰላ እንዲህ ያለ ሰው ከኡና እና ከፌሊም ኮንሮይ በቀር ጠፋ።

እንግዲህ ተርሎን ማን ይተካዋል? ኡናን ያን ሁሉ ዓመት የበላት ይህ ነው። በየማለዳው የወተት ጣሳዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ጋ ቆም ትላለች። «እንደምን አደርክ ተርሎ» ትለዋለች። የማን ላም እንደወለደች፣ ማን ማንን እንዳጨ ትነግረዋለች። ጉም ከወንዙ ተነስቶ በሩን ውጦ ማማውን ውጦ ዓለሙ ሁሉ ወተት በሚመስልበት ጠዋት፣ የበሩ ብረት ላይ ያለው ጤዛ አንድ ቦታ ብቻ ተጠርጎ ታገኘዋለች፤ ሰው ክርኑን ያሳረፈበት ያህል። ሄዳ በእጇ ትነካዋለች። አንዳንዴ ይሞቃል ትላለች፤ እኔ ምን አውቄ፣ ነክቼው አላውቅም። ከዚያ ባልዲው ትዝ ይላታል። ወገቡ ለታመመ ሰው ባልዲ ምን ሥራ ነው።

ፌሊም ኮንሮይ ላም አርቢ ነው፤ ሚስት ያላገባ፣ አፉ እንደ ሬት የሚመር። ከተርሎ ጋር አይነጋገሩም ነበር። ነገሩ የቆየ ነው፤ የተርሎ እናትና የፌሊም አባት በአንድ ቀን ሞቱና ቀብራቸው በአንድ ጠዋት ሆነ። የሚቆመው ኋላ የገባው ስለሆነ፣ ሁለቱም ወገን ሬሳ ተሸክሞ ሩጫ ያዘ። ቀብር በእኛ ዘንድ አጭር መንገድ አይሄድም፤ ረጅሙን ዞሮ፣ ሟቹ በኖረበት ደጃፍ አልፎ ነው የሚገባው። የኮንሮይ ሰዎች ልማዱን ጠብቀው በድልድዩ ሲዞሩ፣ ተርሎ በገዛ እጁ የካበውን አጥር አፍርሶ እናቱን በማሳ አሻግሮ ቀደማቸው። የፌሊም አባት ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ቆመ፤ በዚያ ክረምት ደግሞ የባሰበት በሽተኛ ሁሉ እየዳነ አንድ ሰው እንኳ አልሞተም። ፌሊም ይህን አልረሳም። መቁጠሪያውን ይዞ ተንበርክኮ እያየነው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያልን እናማው ነበር።

ኡና አንድ ቀን ሐፍረቷን ዋጥ አድርጋ ግቢው ገባች። ላም እያለበ አገኘችው።

«ፌሊም፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

«ወተት ከሆነ ጣሳሽን አምጪ።»

«ወተት አይደለም። የት ልትቀበር ነው ያሰብከው?»

ግንባሩን ከላሟ ጎን ሳያነሳ ሳቀ። «ምነው፣ ከሳሁ እንዴ?»

«አትቀልድብኝ። አባትህ ጎን ቦታ አለህ። አንተ እዚያ ከገባህ ተርሎ ያርፋል።»

«እኔ አዲሱ ውስጥ ነው የምቀበረው። ፀሐይ አለው። ተርሎ ይቁም፤ አባቴም ቆሟል።»

«ወገቡን እኮ ያመዋል።»

«አጥር ሲያፈርስ አላመመውም።»

እውነቱን ነው። «እንግዲያው እኔው እተካዋለሁ» አለች።

የወተቱ ድምፅ ቆመ። «አንቺንስ ማን ይተካሻል?»

«ማንም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ምጽአት ነዋ። ሌላ የሚመጣ ካለ ንገረኝ።»

ላሟ ዞር ብላ አየችው፤ ፌሊም ግን እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ማለቡን ረስቶ ተቀምጧል። ኡናም ተስፋዋን ቆርጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ልጇ ግሮንያ ይህን ሁሉ አትወድም። የባሏ ቤት ኮረብታው ማዶ ነው፣ ዘመናዊ ናት፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ታያለች። «እማዬ፣ አዲሱ ውስጥ እኛ ጎን ቦታ ይዘንልሻል፤ ይሄ የባልዲ ተረት ይቅርብሽ። ሰው ይስቅብናል» ትላለች። «ይሳቃ» ትላለች ኡና። እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት በወንዙ ላይ እንደሚያልፍ ጉም፣ መምጣቱም መሄዱም ሳይታወቅ አለፉ።

አንድ መኸር የፌሊም ደረት ታመመና ኡናን አስጠራት። ጥቁር ዳቦ ጋግራ ቅቤ ቀብታ ይዛለት ሄደች። ከረግረጉ ቆርጦ ያደረቀው የአፈር ማገዶ ምድጃው ላይ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ፌሊም ብርድ ልብስ ተከናንቦ እሳቱ ዳር ተቀምጧል።

«አሮጌው ውስጥ ቅበሩኝ ብያለሁ። ለቄሱ ለአባ ኬሮን ነግሬያቸዋለሁ» አላት።

ኡና ቁጭ አለች። «ተርሎን ይቅር አልከው ማለት ነው?»

«አላልኩትም። ስገባም ሰላም አልለውም።» ሳል አቋረጠው፤ ሲለቀው እሳቱን እያየ «አንቺ ዝናብ ላይ እንዳትቆሚ ነው። አሁን ነጻ ነሽ፣ ልጅሽ ጎን ሂጂ፣ ፀሐይ ሙቂ» አለ።

ይህ ሰው ያን ሁሉ ዘመን አጥሩ ማዶ ሆኖ ለምን ሳያገባ እንደቀረ ኡና ያኔ ገባት። ለመንደሩ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ለእሷ ነው አዲስ የሆነው። ዳቦውን ቆረሰችለት። «ቅቤ አብዝተሽበታል» ብሎ እያጉረመረመ በላው።

የቀበርነው በሳምንቱ ነው። ረጅሙን መንገድ ዞርን፣ በላሞቹ በረት በኩል፣ በድልድዩ፤ ዝናቡም እንደ ወንፊት ዱቄት ነበር። ኡና ከኋላ ሆና እየሄደች ፊቷ የሙሽራ ፊት ይመስላል። የመጨረሻው አፈር ሲመለስ «ተመስገን፣ ግባ በቃ፣ እረፍ» ስትል ጎኗ የነበርነው ሰምተናታል። ቤቷ ገብታ ከስንት ዓመት ወዲህ የእንቅልፍ እንቅልፍ ተኛች።

በማግስቱ ጣሳዋን ይዛ ወጣች። ጉም ነበር። በሩ ጋ ቆም አለችና «እንደምን አደርክ ተር…» ብላ አፏን ያዘች። ተርሎ የለም። ገብቷል። ያን ሁሉ ዓመት ይግባልኝ፣ ይረፍልኝ ስትል የኖረችው ሴትዮ፣ ሲገባ እንደሚሄድባት አንድም ቀን አላሰበችውም። ቆሞ ነበርኮ፣ መንገዱ ማዶ፣ በየጠዋቱ ወሬዋን እየሰማ። ባሏ የሞተባት ያን ዕለት ነው፤ የበሩን ብረት ይዛ እንደ አዲስ ሐዘንተኛ አለቀሰች።

አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ በሩ ዘንድ የሚያፍር ሰው ፊቱን አዙሮ የቆመ መሰላት። አፍንጫዋን በመቀነቷ ጠረገች። «እንደምን አደርክ ፌሊም» አለችው። ዝም ብላ ልትሄድ ነበር፤ ግን አሳዘናት። «ጥቁሯ ላምህ ወለደች። ወንድ ጥጃ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት።»

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ላይ ወጣ፣ ነፋሱ የቤት ክዳን አነሳ። ግሮንያ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ኡና ሻይዋ ቀዝቅዞ በመስኮቱ በሩን ታያለች።

«አሮጌው ውስጥ ቅበሩኝ» አለቻት፣ ሳትዞር።

«እማዬ! አባባ አርፏል ብለሽ የለ? አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ሰውዬው በእኔ ፋንታ እዚያ ውሃ እየመታው፣ እኔ ኮረብታ ላይ ፀሐይ ልሙቅ? ነውር አይደለም? እተካዋለሁ፣ ገብቶ ከአባትሽ ጋር ይጣላ።»

ግሮንያ ልትስቅ አስባ ሳቁ አልመጣ አላት። እናቷ አርጅታለች፤ የአንገቷ አጥንት ይታያል፣ እጇ እንደ ድሮው ቀልቷል። እዚያ በር ላይ፣ በዚያ ዝናብ፣ ባልዲ ይዛ ታየቻት። ወንበር ስባ ጎኗ ተቀመጠች።

«እንዲያ ከሆነ አውራጃው ሄጄ እለምናለሁ» አለች። «ለአንድ ሰው ፍቀዱ እላለሁ። በሊቀ ጳጳሱም ቢሆን አስለምናለሁ። እኔ መጥቼ እተካሻለሁ።»

ኡና ያኔ ከመስኮቱ ዞረች። የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«አንቺ? አንቺ ሞተሽ ነው እኔ የማርፈው? ተዪኝ ልጄ። እቆማለሁ። ደስ ብሎኝ እቆማለሁ።»