ውጋቴ በበዓል ቀን አይነካኝም

በንጉሡ ዘመን፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ግራ ደረቴን ውጋት ያዘኝ። ትንፋሼን ሳብ ባደረግሁ ቁጥር መርፌ የሚሰኩብኝ ይመስለኝ ነበር። ልቤ ነው፣ መሞቴ ነው ብዬ ፈራሁ። አባቴ ግን ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘ፤ ትምህርት ቤት! "ቀኑን ሙሉ ጎብጦ መዋል ደረት ያደቅቃል" አለና ወገዳ ከተማ ለትምህርት መመላለሴን አስቆመኝ። ያን ጊዜ ሞቱን ረስቼ ለትምህርቴ አለቀስሁ።

እናቴ አዘነችልኝና ከውኃና ከእንጨት ገላገለችኝ። ብርድ እንዳይመታኝ ቤት ውስጥ ሆኜ እንድፈጭ ተወሰነ። ማረፌ ነው እንግዲህ! ወፍጮው ላይ አጎንብሼ፣ መጁን እየገፋሁ እየሳብሁ የቤቱን ገብስ ሁሉ እኔ አደቀቅሁት። ውጋቱም ባሰ።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩኝ መጡ።

"መቼ መቼ ይሻልሻል፣ ልጄ?"

"በሚካኤል።"

"ተመስገን!"

"በማርያምም። በጊዮርጊስም። በእሑድም።"

እናቴ እልል ልትል ስትል ቀደምኋት። ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ ነበር።

"አባ፣ በነዚህ ቀኖች እኮ ወፍጮ አይነካም" አልሁ። ጎድኔን በጣቴ ተጫንሁት። "ሕመሙም እዚህ አጥንቱ ላይ ነው፤ ስነካው ይጠዘጥዘኛል።"

ቄሱ ወደ አባቴ ዞሩ። "እስከ መጪው እሑድ ለዚች ልጅ ሁሉም ቀን በዓል ነው። ወፍጮ እንዳትነካ ገዝቻለሁ።"

"ዱቄቱስ፣ አባ?"

"ካሳሰበህ አንተ ፍጭ!"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወንድ ሲፈጭ በአገራችን በስማዳ ማን አይቶ ያውቃል?

ሳምንቱን እናቴ ብቻዋን ስትፈጭ፣ አባቴ ደጅ ተቀምጦ የመጁን ድምፅ ሲያዳምጥ ሰነበተ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትንፋሼን እስከ ሆዴ ድረስ ሳብሁ። ምንም! ደግሜ ሳብሁ። ዳገቱን ሮጬ ወጣሁና አናቱ ላይ ቆሜ በደስታ ጮህሁ። የገዛ በሽታዬን ራሴ ነበርሁ ያወቅሁት፤ ያን ቀን ማን ይቻለኝ!

አባቴ "ተሳስቻለሁ" ብሎ አያውቅም፤ ያን ጊዜም አላለም። ሰኞ ማለዳ ግን ገብሱን በአህያ ጭኖ "ተነሽ፣ ይረፍድብሻል" አለኝ። ወገዳ የሞተር ወፍጮ ከተተከለ ቆይቶ ነበር፤ "ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል" እያለ እሱ ነበር የማይደፍረው። መንገድ ላይ አንድ ጎረቤታችን አገኘንና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀው።

አባቴ ሳይቆም "ገብሱን ወፍጮ ቤት፣ ልጄን ትምህርት ቤት" አለ።