«ጎማውን ልየው»

ባለቤቴ ሲጋራ እንደሚያጨስ ቦንጋ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከታላቅ ወንድሙ በቀር። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እሳቸው ናቸው። ከሚኖሩበት ከደካ ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ሹፌሩ ባሌ «ጎማውን ልየው» ብሎ ይወጣል፤ ከጭነት መኪናው ጀርባ አጭሶ ቅርንፉድ እያኘከ ይመለሳል። አንዴ «ያንተስ ጎማ ከልጅ ይብሳል» ብዬ ብተርበው በዓይኑ ገረመመኝ። ታላቅ ፊት ማጨስ በእኛ ዘንድ ታላቁን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም።

ሞባይል ቦንጋ በገባ ሰሞን፣ አብሮት ዋጫ ከተማ እየተመላለሰ ቡና የሚጭን ጓደኛው በሳንባ ካንሰር ሞተ። እሱም አጫሽ ነበር። ሐኪሞቹ ለሚስቱ «ምነው ሳል ሳይጀምረው በመጣ» ብለዋት ኖሯል። ለቅሶው ላይ ይህን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ባሌን እንቅልፍ ነሳሁት።

«ምን ሆንኩና? ጤነኛ ሰው በሽታ ፍለጋ ሐኪም ቤት ይሄዳል እንዴ?» ይለኛል።

«አዎ፣ ይሄዳል! ስንት ዓመት እንዳጨስክ ንገራቸውና ሳንባህን ይዩት» እለዋለሁ። ጭቅጭቄ ሲመረው እሺ አለ።

ጥፋቱ ለወንድሙ በስልክ መናገሩ ነው። እኛ ጋ ሰው ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም። ወንድሙ በማግስቱ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከደካ ከተፍ አሉ። የምርመራው ክፍል በር ላይ «አንድ ሰው ብቻ አብሮት ይግባ» ሲባል ማን ይገባል? ታላቁ ናቸዋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ሳሞቅ ቀረሁ።

ሲወጡ የወንድሙ ፊት በርቷል። «ተመስገን! ሐኪሙ አዳምጦት ደህና ነው ብሏል። ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ ቢለው፣ ኧረ በፍጹም! አለው» አሉኝ ኩራታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። ደሜ ፈላ። ባሌ መሬት መሬት ያያል። ጎትቼ ጥግ አስያዝኩት።

«ለምን ዋሸህ?»

«ጋሼ አጠገቤ ቆመው ምን ልበል?»

«ማጨስህን ቢያውቅ እኮ ለሲቲ ስካን አዲስ አበባ ይጽፍልህ ነበር! ተመለስና ንገረው።»

«ጋሼ ይሂዱልኝ። ሰኞ ብቻዬን እመጣለሁ።»

እኔው ልነግረው ወደ በሩ ስራመድ ክንዴን ያዘኝ። «ፊታቸው አታዋርጂኝ» አለ። ወንድሙ ደስ ብሏቸው ምሳ ጋበዙን።

ሰኞ ዋጫ የሚጫን ቡና ነበር። ከዚያ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ መኪናው ተበላሸ። እኔ እነዘንዛለሁ፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። በዓመቱ ሲያስለው ደም ማየት ሲጀምር ግን ማንም ሳይለው ተነሣ። አዲስ አበባ ሐኪሟ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቀው መጀመሪያ ዞሮ በሩን አየ። ወንድሙ አለመኖራቸውን ሲያረጋግጥ «ከልጅነቴ ጀምሮ» አላት። ሐኪሟ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅላ «ምነው ሳል ሳይጀምርህ በመጣህ» አለችው። ያን ቀን ንዴቴ ይበልጥ ይሁን ኀዘኔ እስከ ዛሬ መለየት አልችልም።

በባሌ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ወንድሙ ለመጣው ሁሉ «ሲጋራ እንኳ በአፉ ዞሮ አያውቅም እኮ! ምን አገኘው?» እያሉ ያለቅሳሉ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። እንደ ልጅ ያሳደጉትን የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ ልጨምርባቸው?

ከጓደኞቹ ሦስቱ ሹፌሮች ተነሡ። «እትዬ፣ ጎማ አይተን እንምጣ» አለኝ አንዱ። ተከትያቸው ወጣሁ። ከድንኳኑ ጀርባ ሲያዩኝ ሲጋራቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው ሸሸጉ።

«ከእኔም ከሽማግሌዎቹም ደብቁ» አልኳቸው። «ሐኪም የጠየቃችሁ ቀን ግን ታላላቆቻችሁን ደጅ አስቀምጡና እውነቱን ንገሩት።»

ትንሹ ሹፌር ጭብጡን ሲከፍት መዳፉ ተቃጥሎ ነበር።