ሌዘሩ የተሳሳተበት ወይራ

በመካነ ሰላም ግብርና ጽሕፈት ቤት የደን ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ አንዲት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጣች። የዛፎችን ቅጠል ጥግግት በሌዘር ልትለካ ነው ተባለ። አለቃዬ አብሬያት እንድወጣ ሲያዘኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ “ቅጠል ደግሞ ይለካል እንዴ?” ብዬ ስቄያለሁ።

የመኪናው መንገድ ሲያልቅ መሣሪያዋን በበቅሎ ጭነን ደኑ ድረስ ወጣን። ደኑን የሚጠብቁት አጠገቡ ባለው መስጊድ ቁርአን የሚያቀሩ አንድ ሼህ ነበሩ። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ከአባታቸው የተረከቡት አደራ ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን እንደጨረስን ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ዐረፈ።

“ይኼ ምን ያደርጋል ልጄ?”

“ጨረር ወደ ዛፉ ይልካል፣ አባባ። ቅጠል የነካው ይመለሳል፤ በክፍተቱ ያለፈው ወደ ሰማይ ይሄዳል። በዚያ ቅጠሉ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ እናውቃለን” አለች ተመራማሪዋ።

“እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው።”

“በምን?” አልኳቸው።

“ተጋድሜ!”

ጋቢያቸውን አንጥፈው ከአንድ ጽድ ሥር በጀርባቸው ተኙ። “ስንት ሰማይ እንደሚያፈስ አያለሁ” አሉ። እኔ ሳቄን ስታገል፣ እሷ ከግንዱ ማዶ ሄዳ እሷም ተጋደመች። ብዙ ቆየች። ስትነሳ ፀጉሯ ላይ ሣር ተሰክቶ ነበር።

“አባባ፣ ሰባት ዛፎች ልምረጥና እርስዎ በቅጠላቸው ብዛት በተርታ ይንገሩኝ።”

ሼሁ እየዞሩ ተናገሩ፤ እኔ ጻፍኩ። ከዚያ መለካት ጀመርን። ነፋስ ሲነሳ ቅጠሉ እየተወዛወዘ ምስሉን ያበላሸዋል። “ፀሐይ ሳትከር ኑ፤ ያን ጊዜ ነፋስ የለም” ብለው መከሩን፤ እንዳሉትም ሆነ። እያንዳንዱን ዛፍ ከአራት አቅጣጫ አንስተን በሦስት ቀን ጨረስን።

ከተማ ተመልሰን ኮምፒውተሯ ላይ ስታየው፣ የሼሁና የማሽኑ ተርታ ከአንድ ዛፍ በቀር ገጠመ። ምንጭ ዳር ያለውን ወይራ ማሽኑ ሁለተኛ አደረገው፤ እሳቸው የመጨረሻ ነበር ያሉት።

“ሼሁ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል” አልኩ።

“መጀመሪያ ማሽኔን ልጠርጥር” አለችኝ።

በማግስቱ አብረን ወጣን፤ ነገሩን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሼሁ ወደ ወይራው ወሰዱንና በዱላቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ከቅርንጫፎቹ ሁሉ፣ ያረጀ ዛፍ ላይ የሚበቅለው ግራጫ የዛፍ ሽበት እንደ ጢም ተንዠርግጓል።

“ይኼ ወይራ እየደረቀ ነው፣ ልጄ። ማሽንሽ ሽበቱን ቅጠል ብሎት እንዳይሆን።”

እጇን ራሷ ላይ ጫነች። “ወይኔ! እንዴት አላየሁትም?”

“አብሽሪ፤ ማሽኑ እንግዳ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማየው።”

ሽበቱን ከቅጠሉ ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ጨረሩ ከሽበቱና ከቅጠሉ ሲመለስ ጉልበቱ እንደሚለያይ ደረሰችበት፤ ያንን ቀንሳ ስታሰላ ወይራው ወርዶ መጨረሻ ሆነ። ስንት የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እሷ ስህተቱን ደስ ብሎት የተቀበለ ግን አላየሁም።

ውጤቱን ልትነግራቸው ስትወጣ አብሬያት ነበርኩ። ይኮራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ሼሁ። “በሉ፣ በወዲያኛው በኩል ያላያችኋቸው ኮሶዎች አሉ።” ዱላቸውን አንስተው ዳገቱን ቀደሙን።