የተጣመመችው ፒን

ሰርቨሩ ሰቆጣ የገባው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከሽንኩርት ጆንያዎች ጋር ታስሮ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለትምህርት ቤታችን ሰጠ። የአይሲቲ አስተማሪዋ እኔ ስለሆንኩ መናኸሪያ ሄጄ ተረከብኩ። ከጣሪያው ያወረደው ተሸካሚ ላቡን እየጠረገ፣

«እህቴ፣ ድንጋይ ነው እንዴ ያስጫንሽው?» አለኝ።

«ኮምፒዩተር ነው።»

«ታዲያ ቴሌቪዥኑ የታለ?»

እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እየሳቅን ሄድን።

ያንን ሰርቨር በጉጉት ስንጠብቀው ነበር። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ሲመጣም አይታወቅ፣ ሲሄድም አይሰናበት። ስለዚህ እኔና የፊዚክስ አስተማሪው ትምህርቶቻችንን በአማርኛና በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣና በቪዲዮ ቀርጸን አስቀምጠን ነበር። ሰርቨሩ ከሠራ፣ ኮምፒዩተር ክፍል ያሉት ተማሪዎች በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ከእሱ ላይ እየከፈቱ ያያሉ። የፊዚክስ አስተማሪው ጓደኛዬ የኒሯቅ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ አንድ ነገር ካልገባው ምሳውን የሚረሳ።

ሰክተን አበራነው። ማራገቢያዎቹ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኹ፤ ፊቱ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መብራት በራች፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ።

«ነፍስ አለው» አለ ጓደኛዬ።

«ነፍስማ አለው፤ ራሱን አያውቅም እንጂ» አልኩት።

ክዳኑን ከፈትነው። ከዚያ በፊት ብዙ ኮምፒዩተር ፈትቻለሁ፤ የሰርቨር ማዘርቦርድ ግን ከፊቴ ሲዘረጋ የመጀመሪያዬ ነበር። ማዘርቦርድ ማለት ሁሉም ነገር የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ ነው። በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ፕሮሰሰር፣ የማሽኑ አእምሮ፣ ይቀመጥበታል፤ በዚህኛው ላይ ሁለት፣ በየግራና ቀኛቸውም ሜሞሪዎች ተደርድረው። ደስ አለኝ። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኜ ከተማ የማይ መሰለኝ።

እጃችን ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው በመጀመሪያ የሳጥኑን ብረት መንካት እንዳለብን ነገርኩት። እሱም ብረቱን እንደያዘ ስለዚያ ኤሌክትሪክ ለእኔ ለአንዷ ሙሉ ትምህርት ሰጠኝ።

«ጨረስክ?»

«ጥያቄ ካለሽ እቀበላለሁ» አለ።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ችግሩ የት እንዳለ በማይታወቅበት ጊዜ ሁሉንም አውልቆ ከትንሹ መጀመር ይሻላል። አንድ ፕሮሰሰርና አንድ ሜሞሪ ብቻ ትተን አበራነው። ጠበቅን። የሰርቨር ማዘርቦርድ ሲነሳ ራሱን አንድ በአንድ ስለሚፈትሽ ይዘገያል። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ስክሪኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጓደኛዬ ጨበጠኝና እጄን አልለቅም አለ።

ሜሞሪዎቹን በየተራ እየሰካን ሞከርን፤ ደህና ነበሩ። ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ስንመልስ ግን ስክሪኑ እንደገና ጨለመ።

«ፕሮሰሰሩ ሞቷል ማለት ነው» አለ ጓደኛዬ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«እስኪ ቦታ እናቀያይራቸው።»

የተጠረጠረውን አውጥቼ በአንደኛው ፕሮሰሰር መቀመጫ ላይ ለብቻው አስቀመጥኩት። ተነሣ! ያለ ምንም ችግር ሠራ።

«እንግዲህ ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ወንበሩ ነው የተበላሸው» አልኩ።

በአንዱ ብቻ መቀጠል ይቻል ነበር። ነገር ግን በሁለተኛው መቀመጫ በኩል ያሉት ሜሞሪዎች ያለ እሱ አይሠሩም፤ ተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ ደግሞ ግማሽ ጉልበት አይበቃንም። መቀመጫው ላይ ፕሮሰሰሩን የሚነኩ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ፒኖች ችምችም ብለዋል። ብንመለከት ብንመለከት ዓይናችን ደከመ እንጂ ምንም አላገኘንም።

ጎረቤቴ መሪጌታ የድሮ ብራና የሚያነቡበት ማጉያ መነጽር እንዳላቸው ትዝ አለኝና ቤታቸው ሄድኩ።

«መሪጌታ፣ ማጉያዎን ቢያውሱኝ ብዬ ነበር።»

«ምን ልታነቢበት ነው ልጄ?»

«ላነብበት አይደለም፤ ኮምፒዩተር ውስጥ የተጣመመች ነገር ልፈልግበት ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ ብቻውን አይሄድም፤ እኔም ማየት አለብኝ» አሉና ጋቢያቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

ክፍሉ ውስጥ ወንበር ሰጠናቸው። ማጉያውን ወደ መቀመጫው አስጠግተው ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ኧረ ይሄማ የጤፍ ማሳ ነው! ነፋስ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለው!»

ከዚያ ጥያቄያቸው አላባራ አለ። ሰሌዳው ላይ ያሉት መስመሮች ምንድን ናቸው? ከማን ወደ ማን ይሄዳሉ? መስመሮቹ መንገድ እንደሆኑ፣ እያንዳንዷ ፒን ደግሞ የአንድ መንገድ በር እንደሆነች ነገርኳቸው። እሳቸው እንዲገባቸው ስናገር ለእኔም ይበልጥ እየጠራልኝ ሄደ።

የስልኬን መብራት ከጎን አበራሁ። የፒኖቹ ጫፎች ሁሉ በመስመር አብለጨለጩ፤ ጥግ አካባቢ ግን አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ጫፏ ጎረቤቷ ላይ ተኝቷል።

«አገኘኋት!» ብዬ ጮህኩ።

ጓደኛዬ መብራቱን ያዘልኝ፤ መሪጌታ ማጉያውን። እኔ የልብስ መርፌ ይዤ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቀና ላደርጋት ሞከርኩ። በመጀመሪያው ሙከራ ግፊቱ በዛባትና ወዲያ ማዶ አዘነበለች። ከተሰበረች ነገሩ ሁሉ አበቃ። መሪጌታ ከጆሮዬ አጠገብ በግዕዝ ቀስ ብለው ይጸልያሉ። እንደገና ነካ አደረግኳትና ከጓደኞቿ ጋር ተሰለፈች።

ፕሮሰሰሮቹን መልሰን ቁልፉን ልንጫን ስንል መብራት ጠፋ። ሦስታችንም ተያይተን ሳቃችን መጣ። መሪጌታ ከጋቢያቸው ቋጠሮ ቆሎ አወጡ፤ እየቆረጠምን ልጅ ሳሉ ቀለም ሲበጠብጡ ልብሳቸውን እንዴት እንዳጠቆሩ አጫወቱን። ቆሎው ሳያልቅ መብራቱ መጣ።

አበራነው። ማራገቢያዎቹ ጮኹ፤ መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሥተው አማተቡ። ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ በረደ፤ ብርቱካናማዋ መብራት አረንጓዴ ሆነች፤ ስክሪኑም ሁለቱንም ፕሮሰሰሮችና ሜሞሪዎቹን በሙሉ አስነበበን። እልል አልኩ፤ ድምፄ እስከ አስተማሪዎች ክፍል ተሰማ። መሪጌታ «ተመስገን! ተመስገን!» እያሉ አጨበጨቡ።

ትምህርቶቹን ከጫንን በኋላ ተማሪዎቹ ገቡ። መሪጌታንም አንዱ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጥናቸው። መጀመሪያ የተከፈተው የጓደኛዬ ትምህርት ነበር፤ በኽምጣና ስለ ስበት እየተናገረ ሳለ ቀረጻው ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ዶሮውም አስተማሪ ነው?» አሉት መሪጌታ።

«ረዳቴ ነው» አለ እሱ፣ ሳይደነግጥ።

ማታ ላይ ጋዝጊብላ ወዳለው አባቴ ደወልኩ። በኽምጣና ነው የምናወራው። ሰርቨሩን እንዳስነሣነው ስነግረው ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀኝ። ለፒን የሚሆን ቃል አጣሁና «አንዲት እሾህ ተጣምማበት ነበር» አልኩት።

በአሳቢ ድምፅ፣ «ታዲያ አሁን ያለ ማነከስ ይሄዳል?» አለኝ።

«ይሮጣል አባዬ» አልኩት።